ለአስፈሪ ፊልም የማይመች ትል

የአየርላንዱ ዳይሬክተር ቢሊ ኦብራየን እ.ኤ.አ. በ2005 «አይሶሌሽን» የተባለ አስፈሪ ፊልም ሠርቶ ነበር። ታሪኩ ከአንድ ጭቃማ የከብት ግቢ እምብዛም አይወጣም። ኑሮ የከበደው ገበሬ ገንዘብ እየተከፈለው ላሞቹን ለዘረመል ሙከራ ይሰጣል። ከሙከራው የተወለደችው ጥጃ በሆዷ ቅርጹ የተዛባ ፍጥረት ይዛ ትገኛለች፤ ፍጥረቱም ከከብት ወደ ሰው እየተጋባ ግቢውን ያምሰዋል። ገንዘብ ላጠረው ፊልም ሠሪ እንዲህ ያለው ታሪክ ጥሩ መላ ነው፤ በረት፣ ጨለማና ጥቂት ተዋንያን ይበቁታል። ጭራቁን ግን ከምናቡ ማውጣት አለበት።

ከጎንደር በስተደቡብ፣ የባሕር ዳርና የመተማ መንገዶች በሚለያዩባት አዘዞ ዙሪያ ከከብት ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ከብት የሚመላለስ ፍጥረት ለማግኘት ምናብ አያስፈልግም። አራሹም ነጋዴውም በስሙ ያውቀዋል፤ የኮሶ ትል ነው። በሳይንሳዊ መጠሪያው ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል።

ነጭና ጠፍጣፋ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይመስላል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከ10 ሜትር የሚያልፍም አለ። ይህን ሁሉ አካል የሚይዘው ጭንቅላት ግን ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በጭንቅላቱ ላይ ባሉት አራት መምጠጫዎች የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። አፍም ሆነ አንጀት የለውም፤ ሰውዬው አላምጦ፣ ጨጓራው ፈጭቶ ያዘጋጀውን ምግብ በቆዳው ይመጠዋል። ከአንገቱ በታች ከ1,000 እስከ 2,000 የሚደርሱ ክፋዮች ተቀጣጥለዋል፤ እያንዳንዱም የወንድም የሴትም መራቢያ አለው። ጫፍ ላይ ያለው የበሰለ ክፋይ እስከ 100,000 እንቁላል ሊሸከም ይችላል። በየቀኑ ጥቂቶቹ እየተቆረጡ ይወጣሉ፤ ሰገራ ሳይጠብቁ በራሳቸው እየተንፏቀቁ የሚወጡም አሉ። ብዙ ሰው ትል እንዳለበት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ትሉ የያዘው ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣሩ ላይ ይበተናል። እርጥበት ካገኘ ለወራት አይሞትም። በሬው ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳና በደም ተጉዞ ጡንቻ ውስጥ ይሰፍራል። መንጋጋ፣ ምላስ፣ ልብና ወርች ይመቹታል። እዚያም ከ1 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ፣ ፈሳሽ በቋጠረ ከረጢት ውስጥ ተሸጉጦ ይጠብቃል። በሬው አብዛኛውን ጊዜ ምንም የሕመም ምልክት አያሳይም፤ ያርሳል፣ ይሰባል፣ ገበያ ይወጣል። ሥጋው ቁርጥ ወይም ለብለብ ክትፎ ሆኖ ሲበላ ከረጢቱ በሰው አንጀት ውስጥ ይከፈትና ጭንቅላቱ ይጣበቃል። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ሙሉ ትል ይሆናል፤ ካልተነካ ለዓመታት ይኖራል።

የፊልሙ ጭራቅ የሚያስፈራው ስለሚገድል ነው። የኮሶ ትል ግን ያስጠለለው ሰው ከሞተ አብሮ ይሞታልና ጉዳት ማብዛት አያዋጣውም። አንዳንዱን ሰው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ የምግብ ፍላጎቱን ያዛባበታል፤ ብዙውን ግን ክፋዮቹ ሲወጡ ከማየት በቀር ምንም አይሰማውም። በአሳማ ሥጋ የሚመጣው ዘመዱ እጩን በሰው አንጎል ውስጥ ሊተክል ይችላል፤ ይሄኛው ግን ይህን አያደርግም። ስለዚህ የሚፈራው የለም፤ ከእኛ ጋር ይህን ያህል ዘመን ያቆየውም አለመፈራቱ ነው።

መድኃኒቱም ከደጋው ተገኘ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ የተመለከተውን የኮሶ ዛፍ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ አስተዋውቋል፤ ሰዉ በየወሩ ትሉን እንደሚያስወጣም ጽፏል። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱ ዛሬም መተረቻ ነው። ሲበዛ አጥብቆ ያስመልሳል፣ የዓይን ብርሃን ይጎዳል፣ ነፍሰ ጡርን ሊያስወርድ ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ገብቶ ነበር። እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ይጠጣሉ። ዛሬ ግን ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ያለዚያ ሁሉ ምሬት ትሉን ያስለቅቀዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ መድኃኒት እያለ ትሉ ለምን አልጠፋም? መድኃኒት የሚያጸዳው የአንድን ሰው ሆድ ብቻ ነው። ኮሶ ጠጥቶ ሜዳ የወጣ ሰው ትሉን ከነእንቁላሉ ለግጦሽ መሬቱ ያስረክባል፤ እፎይ ካለ በኋላም ወደ ቁርጡ ይመለሳል። በየወሩ መሻር ስለተቻለ ለመጠንቀቅ ያስገደደ ነገር አልነበረም። ክኒኑም በዚሁ መንገድ ከተያዘ ከኮሶው የተለየ ውጤት አያመጣም።

ዑደቱ የሚበጠሰው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ሽንት ቤት ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችንም ማሠልጠኑ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን በሽታ ሐኪም ብቻውን አይችለውም። ሁለተኛው ቢላዋው ነው። በቄራ የሥጋ መርማሪው መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን እየሰነጠቀ ከረጢቱን ይፈልጋል፤ ጥቂት ብቻ ከሆኑ ግን ያመልጡታል። ለበዓል በየሰፈሩ የሚታረደው የቅርጫ በሬ ደግሞ መርማሪ አያየውም። በሚገባ የበሰለ ሥጋ ውስጥ እጩ አይተርፍም፤ በ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ10 ቀን የቆየ ሥጋም እንዲሁ።

ትሉ ከሰው በቀር የሚያድግበት ሌላ አካል የለውም፤ ትልቁ ድክመቱም ይኸው ነው። ነዋሪው ሁሉ ሽንት ቤት የሚጠቀምበት ቀበሌ ከብት እንቁላሉን የሚያገኝበት ሣር ስለማይኖረው፣ ቁርጥ ወዳዱም ሳይቀር የሚድነው ጎረቤቱ በቆፈረው ጉድጓድ ነው።