የሃርጌሳ የካሴት ቤት

የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ጥሩ ቅጂ የፈለገ ሰው አንዱ ጎን እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ይገለብጣል፣ ሌላውን ጎን ደግሞ ይጠብቃል። አሁን ካሴቶቹን 10,000 አድርጓቸው። አንድ ማጫወቻ ያለው ሠራተኛ ዓርብም እሑድም ሳያርፍ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ከ3 ዓመት በላይ ይወስድበታል። የሃርጌሳ የባህል ማዕከል የሰበሰበው ደግሞ ከ10,000 ይበልጣል።

ማዕከሉ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው። ቤተ መጻሕፍትና መድረክ አለው። መሥራቹ ጃማ ሙሴ ጃማ በትምህርታቸው የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ጣሊያን ፒሳ ውስጥ ለዓመታት ኖረዋል። ከጻፏቸው መጻሕፍት አንዱ ስለ ሻሕ ነው፤ ግመል ጠባቂዎች መሬት ላይ መስመር አስምረው በጠጠር ስለሚጫወቱት፣ ለእኛ ገበጣ እንደሆነው ያለ ጨዋታ። ከማዕከሉ በፊት እ.ኤ.አ. በ2008 የሃርጌሳን ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ጀመሩ። ዐውደ ርእዩ በየዓመቱ አንድ አገር በክብር እንግድነት ይጋብዛል፤ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ ተራቸው ደርሷቸው ያውቃል። መጽሐፉ ይቆየንና ወደ ካሴቱ እንመለስ።

ሶማሊኛ ይፋዊ ፊደሉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ግጥም የሚኖረው በሰው አፍና ጆሮ ነበር፤ አሠራሩም ለዚሁ የተመቸ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ላይ ነው። የሶማሊኛው ግን በቃላት መነሻ ይመታል፤ ገጣሚው አንድ ድምፅ ከመረጠ በየስንኙ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ማስገባት ግዴታው ነው፣ ግጥሙ ምንም ያህል ቢረዝም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመሸከም ከወረቀት ይልቅ ካሴት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገጣሚዎቹ ጋሪዬና ሃድራዊ የተሳተፉበት «ዴለይ» የተባለው የግጥም ሙግት ሲጀመር ሁሉም በ«ደ» እየመታ፣ አንዱ ለሌላው እየመለሰ፣ የያኔውን የሶማሊያ ገዥ የዚያድ ባሬን መንግሥት ሸነቆጡት። ሳንሱር መጽሐፍ ማገድ ይችላል፤ ሹፌር ኪስ ውስጥ ያለን ካሴት ግን ማን ይቆጣጠራል?

ዘፈኑም እንዲሁ ነበር። በዚያ ዘመን ታላላቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የመንግሥት ስለነበሩ በሸክላ ታትሞ ለገበያ የወጣው ጥቂት ነው። ሕዝቡ የሬዲዮ ስርጭት እየጠበቀ፣ ቲያትር ቤት ቴፕ ይዞ እየገባ ይቀዳ ነበር። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሄደው ዘመድም ናፍቆቱን የሚልከው በካሴት ነበር፤ ሰላምታው፣ የቤተሰቡ ወሬ፣ አንዳንዴም ግጥም። ዛሬ ባህልን ወደ ውጭ ለማድረስ የሳተላይት ቴሌቪዥን ይቋቋማል። ሶማሌዎች ግን ያንን ሥራ ያለ አንቴና፣ በመንገደኛ ሻንጣ ሲሠሩት ኖረዋል። እኔ ከቴሌቪዥኑ የምመርጠው ይህኛውን ነው፤ መልስ ይቀበላልና።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1988 መጣ። ቴፖች ተከማችተውበት የነበረው ሬዲዮ ሃርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1943 በእንግሊዞች ዘመን «ሬዲዮ ኩዱ» ተብሎ፣ በአጋዘን ስም የተከፈተ ጣቢያ ነው። በመንግሥትና በአማፂው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል የተነሣው ጦርነት ሃርጌሳ ሲደርስ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከከተማዋ ከራሷ ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደበደቧት። ከእነዚያ ሚግ አውሮፕላኖች አንዱ ዛሬ መሐል ከተማ ላይ ሐውልት ሆኖ ተሰቅሏል። የጣቢያው ሰዎችና ወዳጆቻቸው ቴፖቹን ቦምብ እንዳይደርስባቸው መሬት ቆፍረው ቀበሯቸው፤ ከፊሉን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። ሕዝቡም ተሻገረ። ጅጅጋ አጠገብ ያለው የሐርትሼክ መጠለያ በጊዜው ከዓለም ትልቁ የስደተኛ ሰፈር ተብሎ ነበር። ነፍሱን ለማዳን ከሚሮጥ ሰው ጋር የቴፕ ክምር ድንበር መሻገሩ እስካሁን ይገርመኛል።

ከተቀበሩት ብዙዎቹ በኋላ ተቆፍረው ወጡ። ማዕከሉ ያሰባሰበው ይህንንና በየቤቱ የተረፈውን ነው። ካሴት አርጅቶ ሲመጣ ክሩ ይጣበቃል፣ ሽፋኑ ይረግፋል፤ የተጣመመው በእርሳስ እየተጠነጠነ ይቃናል። የዘፋኙ ስም ያልተጻፈበት ካሴት ሲገኝ ድምፁን የሚለይ ሽማግሌ ወይም አሮጊት መፈለግ ያሻል፤ ይህን ደግሞ ኮምፒውተር አይሠራውም።

ኦስቲናቶ ሪከርድስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ከዚህ ክምችት መርጦ እ.ኤ.አ. በ2017 «እንደ ተሰባበረ ተምር ጣፋጭ» የሚል ትርጉም ያለው አልበም አወጣ። አልበሙ በታሪካዊ አልበም ዘርፍ ለተከታዩ ዓመት ግራሚ ታጨ። ሃርጌሳ ጉድጓድ ውስጥ ያደረ ድምፅ ሎስ አንጀለስ ወይም ቶኪዮ ውስጥ ሲደመጥ ደስ ይላል፤ ግን ዘፈኑ የማን ነው? ያኔ ዘፋኙ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር፣ መንግሥቱ ፈርሷል፣ ግጥሙን የደረሰው አንድ ሰው፣ ዜማውን ያወጣው ሌላ፣ ያዜመው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ከእነርሱም አንዱ ለንደን፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ አፈር ውስጥ ሊሆን ይችላል።