ለማሪያ ሰርግ የወጣው ሕዝብ

በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ ሊንሴ በሚባለው ሰፈር ያለው የሳንታ ሮሳ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በሰው ተጥለቅልቋል። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ የክት ልብሱን ለብሶ ወጥቷል፤ ስጦታ የያዘም አለ። ሙሽራዋ ማሪያ ትባላለች፣ ሙሽራው መምህር እስቴባን። ሁለቱም ከቴሌቪዥን መስኮት ውጪ የሉም። በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቆሙት ተዋንያኑ ሳቢ ካማሊች እና ሪካርዶ ብሉሜ ነበሩ። የሚቀረፀውም ከ1969 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የተላለፈው «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ነበር።

ታሪኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማሪያ ከአንዲስ ተራሮች ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የወረደች ምስኪን ልጅ ናት። ሰው ቤት ትቀጠራለች። የሀብታም ልጅ አታልሎ ያስረግዛትና ጥሏት ይሄዳል። ልጇን ታቅፋ፣ ቀን እየሠራች፣ ማታ ፊደል ትቆጥራለች፤ ልብስ ስፌትም ትማራለች። ቀስ በቀስ በመርፌዋ ራሷን ትችልና ስመ ጥር የልብስ ዲዛይነር ትሆናለች። ማንበብ ያስተማራት እስቴባን ይህን ሁሉ ዘመን ፍቅሩን በሆዱ ይዞ ይጠብቃታል። ተመልካቹም አብሮ ጠብቋል። ድራማው ከ400 ክፍል በላይ የሄደ ሲሆን ሰርጉ የመጣው ከ200 ክፍል በኋላ ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ተታሎ ነው የወጣው? ብዙ ጊዜ መልሱ «አዎ» ነው። እኛም ቤት ውስጥ እናት ወይም እህት ድራማ እያየች እንባዋን ስትጠርግ «ድራማ ነው እኮ!» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ይህ አባባል ተመልካችን መናቅ ይመስለኛል። የሊማ ሰዎች ሳቢ ካማሊች ተዋናይ መሆኗን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ስሟን ያውቃሉ፣ ፎቶዋን በመጽሔት አይተዋል። ያንን እያወቁ ነው ለማሪያ ደስ ያላቸው። ሰርጉን ለማየት በአካል ከመጡት አብዛኞቹ የማሪያን ዓይነት ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም፤ ድራማውን አጥብቀው ከሚከታተሉት መካከል በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ቀዳሚዎቹ ነበሩና። ለእነሱ ሰርጉ በራሳቸው ዕድል ላይ የተሰጠ ፍርድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ድራማው በተላለፈባቸው አገሮች የሲንገር የስፌት መኪና ገበያ ደራ፤ ኩባንያውም ለሳቢ ካማሊች ከወርቅ የተሠራች ትንሽ የስፌት መኪና ሸለማት። የቤት ሠራተኞች ለስፌት ትምህርትና ለማታ ትምህርት ይመዘገቡ ጀመር። ያለቀሰው ሰው እንባውን ጠርጎ ተነስቶ ሄዷል፤ የሄደው ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ነው።

ተመራማሪዎች ጉዳዩን ከያዙት ቆይተዋል። ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተመልካች በመስኮቱ ውስጥ ካለው ሰው ጋር የሚመሠርተውን የአንድ ወገን ቅርርብ መርምረዋል። ተመልካቹ ያውቀዋል፣ ይናፍቀዋል፣ ይቆጣዋል፤ ያኛው ግን ስለ እሱ መኖር እንኳ አያውቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ እስራኤላዊው ተመራማሪ ዮናታን ኮኸን 381 ሰዎችን የሚወዱት የቴሌቪዥን ገጸ ባሕርይ ድንገት ቢቀር ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀ። የመለሱለት ሰው ከእውነተኛ ወዳጁ ሲለይ የሚሰማውን ዓይነት ስሜት ነው፤ መጠኑ ግን ያነሰ። እኔን የገረመኝ ማነሱ አይደለም። ዓይነቱ አንድ መሆኑ ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ጊዜ ነው። ፊልም በሁለት ሰዓት ያልቃል። ተከታታይ ድራማ ግን ከሕይወታችን ጋር እኩል ይራመዳል፤ ገጸ ባሕርይዋ ስታረግዝ የጎረቤታችን ልጅ ክርስትና ይነሳል፣ እሱ ሲታሰር እኛ ቤት እንቀይራለን። ደግሞም ድራማው የሚታየው በስርጭቱ ሰዓት ብቻ አይደለም። ክፍሉ ልብ በተሰቀለበት ቦታ ይቆረጥና ቀሪው ሳምንት የእኛ ይሆናል። ቡና ተፈልቶ «ትመለስለታለች ወይስ አትመለስለትም?» ተብሎ ክርክር ይነሳል። «እኔ ብሆን አልመለስለትም» የምትል ሴት በዚያች ቅጽበት የምታወራው ስለ ገጸ ባሕርይዋ አይደለም። በራሷ ስም ልትናገረው የማትደፍረውን ነገር በሰው ስም እየተናገረች ነው። የድራማ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህን አስቀድሞ ያስተዋለው የሜክሲኮው የድራማ አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ ነው። «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ»ን ቁጭ ብሎ አጠና፤ ተመልካቹ የት እንዳለቀሰ፣ ማንን እንደጠላ፣ ማንን ሊመስል እንደፈለገ ተከታተለ። ከዚያም በ1975 እ.ኤ.አ. በቴሌቪሳ ጣቢያ «ቬን ኮንሚጎ» የተባለውን ድራማ ጀመረ፤ ጉዳዩ የጎልማሶች ትምህርት ነበር። በድራማው ውስጥ የሚወዳት የልጅ ልጁ የምትልክለትን ደብዳቤ ማንበብ ባለመቻሉ የሚብሰለሰል አያት አለ። በእርጅናው ፊደል ይቆጥራል፤ በመጨረሻ ደብዳቤዋን በራሱ አፍ እያነበበ ያለቅሳል። ስለ መሃይምነት አንድ ሺህ ንግግር ቢደረግ የዚያን ሽማግሌ እንባ ያህል አንጀት አይበላም። አንድ ቀን ከክፍሉ በኋላ የትምህርቱ መጽሐፍ የሚገኝበት ቦታ ሲነገር በማግስቱ 25,000 ሰው ሜክሲኮ ሲቲ መሃል ወዳለው ማከፋፈያ ጎረፈ፤ መንገዱ ተዘጋ። በዚያ ዓመት ለትምህርቱ የተመዘገበው ሰው ከ800,000 በላይ ደረሰ።

ዘዴው ወደ ሕንድ ተሻገረ። በ1984 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ሀም ሎግ» በ156 ክፍል ከ400,000 በላይ ደብዳቤ መጣለት። ነገር ግን እዚያ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር ተፈጠረ። ባግዋንቲ የምትባለው እናት የሰካራም ባሏን በደል በዝምታ የምትሸከም ሴት ነበረች፤ ደራሲዎቹ ያቀረቧት ሴቶች እንዲህ መሆን እንደሌለባቸው ለማሳየት ነው። ብዙ ተመልካቾች ግን በትዕግሥቷ አዘኑላት፣ ወደዷት፣ አርአያቸውም አደረጓት። ተመልካች ያዘነለትን ሰው ይወዳል፤ የወደደውንም መምሰል ይሻል። ስለዚህ የምትደበደብን ሴት እያሳየ ተመልካችን የሚያስለቅስ ደራሲ፣ እንባው ወዴት እንደሚፈስ ማሰብ ግዴታው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የዚሁ ዘዴ ልጅ የሆነው ድራማ የመጣው በሬዲዮ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገጠሩን የሚደርሰው ሬዲዮ ነበርና። «የቀን ቅኝት» ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል ተላለፈ። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ድራማው ከመጻፉ በፊት ሰዎች ምን እንደሚያስቡ፣ ምን እንደሚፈሩ አስጠንቷል። ድርጅቱ ባወጣው ጥናት፣ ድራማውን የሚያዳምጡ ወንዶች ከማያዳምጡት 4 እጥፍ፣ ሴቶች ደግሞ 3 እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገዋል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ድሮም ለመረጃ የቀረበ ሊሆን ስለሚችል ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ነው የማየው። ከአድማጮች የመጡት ከ15,000 በላይ ደብዳቤዎች ግን የሚናገሩት ሌላ ነው። ከሙከ ጡሪ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ የድራማው ገጸ ባሕርይ የውባለም ታሪክ በአካባቢው ያለውን የጠለፋ ጋብቻ ቁልጭ አድርጎ እንዳሳየ ይመሰክራል። ጠለፋ ተፈርቶ ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ከባድ ነበር፤ ድራማውን የሰማው ማኅበረሰብ ግን ድርጊቱን በአንድ ድምፅ ማውገዝ ጀመረ። ለውባለም ያዘነ አባት ስለ ገዛ ልጁ ማሰቡ አይቀርም።

በቴሌቪዥን «ሰው ለሰው»ን ያየ ሰው አስናቀን አይረሳም። አበበ ባልቻ ያንን ተንኮለኛ ሲጫወት ተመልካቹ በአስናቀ እርር ድብን እያለ አበበን ያደንቅ ነበር። ጥላቻውና አድናቆቱ በአንድ ልብ ውስጥ ሳይጋጩ መቀመጣቸው፣ ተመልካች እውነትና ድራማን ይለያል ለምለው ጥሩ ምስክር ነው።

ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን መጣ። እንደ «ጥቁር ፍቅር» ያሉ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ተተርጉመው ሲቀርቡ ብዙ ቤት ማታ ማታ ጸጥ አለ። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎቻችን ተቃወሙ፤ ሥራችንን ይገድላል፣ ባህላችንን ይሸረሽራል አሉ። ለእንጀራቸው መስጋታቸው ተገቢ ነበር፤ በርካሽ የተገዛ የውጭ ድራማ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ከሚሠራ የአገር ውስጥ ድራማ ጋር እኩል አይወዳደርም። ሆኖም ያ ሁሉ ክርክር ሲደረግ ተመልካቹ ወይ የሚዘረፍ ገበያ ወይ የሚበላሽ ልጅ ተደርጎ ነው የተነሳው። ለ«ጥቁር ፍቅር»ዋ ኤሊፍ ለምን እንዳለቀሰ፣ በአገሩ ድራማ ውስጥ አጥቶት እዚያ ያገኘው ነገር ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሳቢዶ ሥራውን የጀመረው ከዚሁ ጥያቄ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ከአሠሪዋ ጎን ወይም ከማድ ቤት በር ላይ ቆማ የቱርክ ድራማ የምትከታተል፣ ከገጠር የመጣች ወጣት አለች። የእሷን ታሪክ በዋና ገጸ ባሕርይነት ይዞ 200 ክፍል የሚሄድ ድራማ የሚጽፍ ደራሲ መጀመሪያ ሄዶ መጠየቅ ያለበት እሷን ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ከመጻፉ በፊት።