ጫፍ ላይ የሚጠብቅ ደብተር

ዕቃው ሲያዩት ዓይን አይሞላም። ከሠራዊት የተረፈ የጥይት ሳጥን፣ ሁለት አፉ የተደፈነ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የትምባሆ ቆርቆሮ ወይም የለውዝ ቅቤ የነበረበት ብልቃጥ ሊሆን ይችላል። ሲከፈት አንድ ደብተር ይወጣል፤ እርጥበት ያሳበጠው፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ። አጠገቡ ጉራጅ እርሳስ አለ። እስክሪብቶ በብርድ አልጽፍም ይላል፣ ቀለሙም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፤ እርሳስ ግን ዝናቡንም በረዶውንም ችሎ ይኖራል። ሳጥኑ የሚገኘው ተራራ ጫፍ ላይ፣ ከድንጋይ ክምር ሥር ተሸጉጦ ነው። የጫፍ መዝገብ ይሉታል። ሽቅብ ሲታገል የዋለ ሰው ነፋስ የማይመታበትን ጥግ ፈልጎ ይቀመጥና ቀኑን፣ ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ በየት በኩል እንደወጣ ይጽፍበታል። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ፣ ድንጋዩን መልሶ ቁልቁለቱን ይያያዘዋል።

የልማዱ መነሻ ጥርጣሬ ነው። ከተራራ ወርዶ «ጫፉ ላይ ደርሻለሁ» የሚልን ሰው ማን ያምነዋል? እማኝ የለውም፤ ቢኖረውም አብሮት የወጣ ወዳጁ ነው። በ1492 (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ዙሪያውን ገደል የሆነውን ሞን ኤጊይ የሚባል አምባ እንዲወጣ ባለሟሉን አንትዋን ደ ቪልን አዘዘ። ደ ቪል መሰላልና ገመድ አስይዞ፣ ሰዎቹን አስከትሎ በሰኔ ወር ወጣው። ወጥቶ ግን ወዲያው አልወረደም። እዚያው አናቱ ላይ ሰፍሮ ለግሬኖብል ፍርድ ቤት ሹም ደብዳቤ ጻፈ፤ መድረሴን በዓይኑ አይቶ የሚመሰክር ይላክልኝ አለ። የተላከው የፍርድ ቤት ሰው ከሥር ቆሞ ገደሉን ሽቅብ ተመለከተና አልወጣም ብሎ ቀረ። ያየውን ያየው ከታች ሆኖ ነው።

ደ ቪል የተቸገረበትን ነገር ኋላ የመጡት በቀላሉ ፈቱት። በ19ኛው መቶ ዘመን አልፕስን የሚወጡ እንግሊዞች የስም ካርዳቸውን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከትተው በድንጋይ ክምር ይሸፍኑት ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ጠርሙሱን ከፍቶ ካርዱን ያያል፤ የራሱንም ይጨምራል። ወረቀቱ ሲበዛ ጠርሙሱ ሳጥን፣ ካርዱም ደብተር ሆነ።

እማኝ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የአላስካውን ዴናሊ የሚያህል የለም። 6,190 ሜትር ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የሚበልጠው ተራራ የለም። በ1906 ፍሬደሪክ ኩክ የተባለ ሐኪም ጫፉን ረገጥሁ አለ። ማስረጃው ጓደኛው ባንዲራ ይዞ የቆመበት ፎቶግራፍ ነበር፤ መጽሐፍም አሳተመበት። በ1910 ሌሎች ተራራ ወጪዎች ፎቶው የተነሣበትን ድንጋይ ፈልገው አገኙት። ከእውነተኛው ጫፍ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የራቀ አነስተኛ ጉብታ ሆነና አረፈው።

በዚያው በ1910 ፒት አንደርሰንና ቢሊ ቴይለር የሚባሉ ወርቅ ፈላጊዎች ከ4 ሜትር የሚበልጥ የዛፍ ምሰሶ ተሸክመው ወደ ዴናሊ ሰሜናዊ ጫፍ ወጡ። የተራራ ወጪነት ሥልጠና አልነበራቸውም። ምሰሶውን የተከሉት ከፌርባንክስ ከተማ ሰው በመነጽር አይቶ እንዲያምናቸው ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ርቀት ምንም አልታየም። መሪያቸው ራሱ ሳይወጣ ወጣሁ ማለቱ ሲነቃበት ደግሞ የእነሱም እውነት ከእሱ ውሸት ጋር አብሮ ተጣለ። ሦስት ዓመት አለፈ። በሰኔ 1913 ሁድሰን ስታክ የተባለ ቄስ የመራው አነስተኛ ቡድን ከፍ ወዳለው ደቡባዊ ጫፍ ሲያመራ፣ እናቱ ከአላስካ ነባር ሕዝብ የሆነችው ወጣቱ ዋልተር ሃርፐር ማዶ ሰሜናዊው ጫፍ ላይ ምሰሶውን ቆሞ አየው። የወርቅ ፈላጊዎቹ ስም በአንድ እንጨት ነጻ ወጣ። ደቡባዊውን ጫፍ ቀድሞ የረገጠውም ያው ሃርፐር ነው።

ይህን ያነሣሁት «ስልክ እያለ ደብተር ምን ያደርጋል» የሚሉ ስለማይጠፉ ነው። ኩክ ፎቶግራፍ ነበረው። ወርቅ ፈላጊዎቹ የነበራቸው እንጨት ነው።

የጫፍ መዝገብ ባህል ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ የካሊፎርኒያው የሴራ ኔቫዳ ተራራ ሰንሰለት ነው። በዚያም ቢሆን ወጣሁ ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ቀድሞ የታየው በስሕተት ነው። ክላረንስ ኪንግ የተባለው የሥነ ምድር ባለሙያ በ1871 በአካባቢው የሚበልጠውን ማውንት ዊትኒን ወጣሁ ብሎ ወረደ። በ1873 ሌሎች ያንኑ ተራራ ወጥተው በስተ ሰሜን ከእነሱ የሚበልጥ ጫፍ ቆሞ አዩ። ኪንግ የወጣው ዛሬ ላንግሊ የሚባለውን ነበር። ነገሩን ሲሰማ ተጣድፎ ተመልሶ በመስከረም 19 እውነተኛውን ዊትኒ ወጣ፤ ነገር ግን ከሎን ፓይን መንደር የመጡ ሦስት ዓሣ አጥማጆች በወር ቀድመውታል። ምሁሩ ተከታይ ሆነ።

በ1892 ሴራ ክለብ የሚባለው ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆን ሙር ነበር። የክለቡ አባላት በየጫፉ መዝገብ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ስሙ ጎልቶ የተቀረጸበት የአልሙኒየም ሳጥንም ቀስ በቀስ የአካባቢው መለያ ሆነ። ዛሬም ወደ ሩቅ ጫፍ የሚወጣ ሰው የኖርማን ክላይድን ፊርማ አገኝ ይሆን ብሎ ገጽ ይገልጣል። ክላይድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነቱን ትቶ ዕድሜውን በተራራ ላይ የጨረሰ ሰው ነበር፤ ማንም ያልረገጣቸውን ብዙ ጫፎች መጀመሪያ የወጣውም እሱ ነው።

መዝገቡ ከመኩራሪያነት አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን በ1933 የሆነው ነገር ያሳያል። ዋልተር ስታር የሳን ፍራንሲስኮ ጠበቃ ነበር፤ 30 ዓመቱ። ስለ ጆን ሙር የእግር መንገድ መመሪያ መጽሐፍ እያዘጋጀ፣ ብቻውን ተራራ ለተራራ ይዞር ነበር። መፈረም ይወድ እንደነበር የሚተረክለት ነገር አለ፦ ብላክ ካዊያ በሚባለው አስቸጋሪ ጫፍ ላይ እርሳስ ቢያጣ በገዛ ደሙ ስሙን ጻፈ ይባላል። በነሐሴ 1933 ከአባቱ ጋር በተቃጠሩበት ቀን ሳይመጣ ቀረ። ሴራ ክለብ ምርጦቹን አሰማራ፤ ክላይድ፣ ጁልስ አይኮርንና ግሌን ዶውሰን ከእነሱ መካከል ነበሩ። አውሮፕላን ሰማዩን ሲያስስ እነሱ ከጫፍ ጫፍ እየወጡ የስታርን ስም ፍለጋ መዝገብ ያገላብጡ ነበር። ስሙ ካለ ከዚህ በኋላ የት ሄደ ይባላል፤ ከሌለ ወይ አልደረሰም፣ ወይ በሌላ በኩል ሄዷል።

ቀናት አለፉና ፍለጋው ቆመ። ክላይድ ግን ብቻውን ቀረ። ሚናሬትስ በሚባሉት ጦር መሳይ ድንጋዮች መካከል እየዞረ፣ በነሐሴ 25 የስታርን አስከሬን ማይክል ሚናሬት ከሚባለው ገደል ላይ አገኘው። ከዚያ ማውረድ አይሞከርም ነበር። ክላይድና አይኮርን ተመልሰው ወጥተው በወደቀበት ቦታ ላይ ድንጋይ ከምረው ቀበሩት። የመንገድ መመሪያው መጽሐፍ በተከታዩ ዓመት ታተመ።

በአልፕስ አገሮች መዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በድንጋይ ክምር ሥር ሳይሆን ከመስቀል ጋር ታስሮ ነው። በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን ጫፍ ላይ መስቀል ማቆም የቆየ ልማድ ነው፤ በጀርመን የሚበልጠው ዙግሽፒትሰ ላይ መስቀል የቆመው በ1851 ነበር። ከመስቀሉ ግንድ ጋር የብረት ሣጥን ይገጠማል፣ መጽሐፉም እዚያ ውስጥ ይኖራል። ስሎቬኒያውያን ከዚህ ሁሉ ያለፉ ናቸው። ያኮብ አልያዥ የተባለ ቄስ የትሪግላቭን ጫፍ፣ ያችን 2,864 ሜትር ላይ ያለች ጠባብ ቦታ፣ በአንድ ጉልደን ከመንደሩ ገዝቶ በ1895 የቆርቆሮ ግንብ አቆመባት። ዛሬ በዚያ አገር ከመፈረም ሌላ ማኅተምም አለ፤ ተራራ የሚወድ ሰው አነስተኛ ደብተር ይዞ በየጫፉ ያስመታል። የማኅተሙን ነገር እኔ ብዙም አልወደውም፤ የመሥሪያ ቤት ሽታ አለው።

እኛ ዘንድ ይህ ልማድ ያልተለመደው ተራራ አጥተን አይደለም። ዝቋላን የወጣ ሰው ከአናቱ ሐይቅና የአቦን ገዳም ያገኛል፤ ደብረ ዳሞን በጠፍር ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣን ወንድ ከላይ የሚስቡት መነኮሳት አሉ። ከጫፋችን ብዙው ሰው ያለበት ነውና እማኙም ሰው ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚሄድ መንገደኛ ደግሞ መዝገቡ ያለው ከተራራው ሥር ነው፤ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስም ተመዝግቦ፣ ተከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተመድቦ ወደ ራስ ደጀን ይኬዳል።

ተራራ የሚወጡ ሰዎች ስለ ፊርማቸው ሲያወሩ ስለ ማስረጃነቱ ብዙም አያነሡም። የሚያስታውሱት ሌላ ነገር ነው። ጣታቸው ደንዝዞ የገዛ ስማቸውን መጻፍ እንዳቃታቸው፤ ከዓመታት በፊት በልጅነት እጃቸው የጻፉት መስመር እንደ አዲስ ሲያጋጥማቸው፤ የሞተ ወዳጅ ወይም አባት የፈረመበትን ገጽ አግኝተው ከሥሩ ስማቸውን እንዳከሉ። አንዳንዱ ከላይ ያለው የመጨረሻ ፊርማ የሁለት ዓመት መሆኑን ሲያይ የቦታው ብቸኝነት ያን ጊዜ እንደገባው ይናገራል። እኔም ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ጫፍ ላይ ስሜን በፊደል ጽፌያለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ከስሙ ቀጥሎ ስለ ነፋሱ አንድ ስድብ ብቻ አስፍሯል፤ ከዚያ የተሻለ የምጨምረው አላገኘሁም። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሰደበውን ነፋስ ግን አውቀዋለሁ። የመዝገቡን ጽሑፍ ቦታው ላይ የሚያነበው ያንኑ ዳገት የወጣ ብቻ ነው፤ ቀልዱም አቤቱታውም ያለ ማብራሪያ ይገባል።

አሁን ነገሩ ተናግቷል። አሮጌ መዛግብት ይሰረቃሉ፤ የታዋቂ ሰው ፊርማ ያለበት ገጽ ተገንጥሎ ይጠፋል። ተፈጥሮ ባለችበት ትቀመጥ የሚሉ ደግሞ ሳጥኑን ከቆሻሻ ቆጥረው ይዘውት ይወርዳሉ። ሴራ ክለብ የሰበሰባቸው አሮጌ ደብተሮች ዛሬ በርክሌይ በሚገኘው ባንክሮፍት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የተጨናነቀው ጫፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ማውንት ዊትኒን በደርሶ መልስ ለመውጣት በበጋ በቀን 100 ሰው ይፈቀድለታል፣ አድሮ ለሚወጣ ደግሞ 60፤ በ1909 በተሠራው የድንጋይ ቤት ደጃፍ ያለው መዝገብ በእንዲህ ያለ ቦታ የሰልፍ ዝርዝር ይመስላል፤ ማንም ወደ ኋላ ገልጦ አያነብም። እንዲህ ባለው ጫፍ ደብተሩ ቢቀር አላዝንም። በዓመት ጥቂት ሰው በሚደርስበት፣ አንድ ደብተር አሥርተ ዓመታት በሚበቃበት ጫፍ ላይ ግን አንሥቶ የሚሄድን ሰው ጽድቅ ሠራ አልለውም። የሞላው ቤተ መጻሕፍት ይግባ፤ በምትኩ ግን ባዶ ደብተር ይቀመጥ። ያለዚያ ቀጣዩ ሰው ክምሩን ፈንቅሎ የሚያገኘው ድንጋይ ብቻ ነው።

መዝገብ ያለበት ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ በግልጽ መጻፍ፤ ከስም ጋር በየት በኩል እንደሚወርዱና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ ማከል፤ ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው። ሰማዩ ካጉረመረመ ግን ፊርማውን ትቶ መውረድ፤ ጫፍ ላይ ካለ የብረት ሳጥን አጠገብ መቀመጥ የመብረቅ ጊዜ ሥራ አይደለም። ሲጨርሱ ደብተሩን ወደ ላስቲክ ከረጢቱ መልሶ አየሩን ጨምቆ ማውጣት፣ ክዳኑን እስኪጠብቅ ማዞር፣ ነፋስ እንዳያገላብጠው ላዩ ላይ ከባድ ድንጋይ መጫን። እርሳሱ ዶምዱሞ ከሆነም በኪስ ቢላ ቀርጾ መተው።