ሳይቃጠል በቅጠል፦ አዲስ መኪና ሲሸት ምን እናድርግ?

መኪና በገጠር ብርቅ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ እህሉን ገበያ የሚያደርሰው መኪና ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው መኪና ነው። ማዳበሪያውንም የሚያመጣው እሱ ነው። አንዳንድ ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው፣ ሲያንሳቸውም ተበድረው፣ የራሳቸውን መኪና ይገዛሉ። እንዲህ ያለ መኪና የብዙ ቤተሰብ ላብ ነው።

ታዲያ ይህ አዲስ መኪና ገና በመጀመሪያው ሳምንት የመቃጠል ሽታ ቢሸትስ? "አዲስ ነው፣ ይተዋል" ብሎ ማለፍ ይሻላል? ወይስ ቆሞ ማየት? ዛሬ የምናነበው ስለዚህ ነው።

አፍንጫችሁ አዋቂ ነው

ሽታ መለየት ለእናንተ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከሩቅ ጭስ ሲሸታችሁ ኩበት ይሁን እርጥብ እንጨት ታውቃላችሁ። ድስት ውስጥ ሽንኩርት ሲያር፣ ፀጉር እሳት ሲነካው፣ ሳታዩ ትናገራላችሁ። መካኒክም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። መጀመሪያ ያሸታል። ቀጥሎ ያያል። ብሎን የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ መኪናም ይሟሻል

አዲስ ምጣድ ገዝታችሁ ወዲያው እንጀራ ትጋግሩበታላችሁ? አትጋግሩም። በጎመን ዘር ታሟሹታላችሁ። ሲሟሽ ይጨሳል፣ ይሸታል። ኋላ ግን ይተዋል።

አዲስ መኪናም እንዲሁ ነው። ብረቱ እንዳይዝግ ፋብሪካው ቅባት ይቀባዋል። የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይም ቅባትና ቀለም ይቀራል። ሞተሩ ሲሠራ ይህ ቱቦ ከ300 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ታዲያ እዚህ ብረት ላይ ያረፈ ቅባት እንዴት አይጨስ? የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራም አዲስ ሲሆኑ እስኪለማመዱ ድረስ ትንሽ ይሸታሉ።

ይህ የማሟሸት ሽታ ሦስት ምልክቶች አሉት።

አንደኛ፣ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ከመኪናው ሥር ዘይት ወይም የራዲያተር ውኃ አይንጠባጠብም።

ሦስተኛ፣ ከሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ቀይ መብራት አይበራም። የሙቀት መለኪያውም ከልኩ አያልፍም።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ማሟሸት አይደለም። ሕመም ነው።

ስድስቱ ሽታዎች

1. ያረረ ዘይት። ዘይት ድስት ውስጥ ሲያር እንደሚሸተው ነው። ከባድ ነው፤ ጉሮሮ ይይዛል። የሞተር ዘይት በጋለው ቱቦ ላይ ሲንጠባጠብ ይመጣል። ዘይት ሲቀየር የፈሰሰ ጠብታ ብቻ ከሆነ ተቃጥሎ ያልቃል፤ አያሳስብም። የዘይቱ ክዳን ወይም ፊልትሮው በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ከሆነ ግን አደጋ ነው። ዘይት ለሞተር እንደ ደም ነው። ዘይቱ ካለቀ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ሞተሩም ይሞታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ ማየት ነው።

2. ጣፋጭ ሽታ። ስኳር ሲያር እንደሚሸተው ያለ ነው። ይህ የሚመጣው ከራዲያተር ነው። ራዲያተር ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚዘዋወርበት ዕቃ ነው። ውኃው ውስጥ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይጨመራል። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ የሚሸተው እሱ ነው። ልብ በሉ! ይህ ፈሳሽ መርዝ ነው። ስለሚጣፍጥ ውሻም ጥጃም ይልሰዋል። መሬት ላይ ከፈሰሰ ጥረጉት። ልጆችንም አርቁ።

3. የጎማ ሽታ። በርባሶ እሳት ላይ ሲወድቅ እንደሚሸተው ነው። ሞተሩ ላይ ቺንጋ የሚባል የላስቲክ ቀበቶ አለ። ዲናሞውን ያዞራል። በብዙ መኪና የውኃውን ፓምፕም ያዞራል። ቺንጋው ላልቶ ሲንሸራተት ይጮኻል፣ ይሸታል። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። ከመንገድ የተነሣ ፌስታል ከጋለው ቱቦ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ፍቆ ማንሣት ነው።

4. የሽቦ ሽታ። የፕላስቲክ ጄሪካን ሲቃጠል እንደሚሸተው ነው። ይሰነፍጣል፤ ዓይን ያስለቅሳል። ከሁሉም ይህን ፍሩ። ብዙ አዲስ መኪና ከተገዛ በኋላ ቴፕ፣ ተጨማሪ መብራት፣ ትልቅ ጥሩምባ ይገጠምለታል። ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ ሽቦው ይግላል። ሽቦውን የሚጠብቀው ፊውዝ ነው። ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ፊውዙ ራሱ ተቃጥሎ ሌላውን ያድናል። "ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረን" ብላችሁ በቦታው ሽቦ አታስሩ። ዘበኛን አስወጥቶ ሌባ ማስገባት ነው።

5. የፍሪሲዮን ሽታ። ወረቀትና ፀጉር አብረው ሲቃጠሉ ያለ ይመስላል። ሾፌሩ ዳገት ላይ እግሩን ከፍሪሲዮን ፔዳል ካላነሣ፣ ወይም ከልክ በላይ ከተጫነ ይመጣል። ሲያሸቱት ከሞተሩ የመጣ ይመስላል። መድኃኒቱ ግን ከሾፌሩ እግር ላይ ነው።

6. የፍሬን ሽታ። ቁልቁለት ላይ ይመጣል። የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅ ሲነዳም ይመጣል። ጎማዎቹን ዞራችሁ እዩ። ሳትነኩ እጃችሁን አቅርቡ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ የሚሸተው እሱ ነው። ቁሙና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉበት፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከስድስቱ ሌላ የቤንዚን ሽታ አለ። ቃጠሎ ባይሆንም የቃጠሎ ጎረቤት ነው። ሲሸታችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ።

የዓባይ በረሃው ዳገት

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ማኅበር አዲስ የጭነት መኪና ገዛ እንበል። ከደጀን ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ሾፌሩ ወጣት ነው። ከጎኑ የማኅበሩ አባል የሆኑ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

ሾፌሩ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ወረደ። ምንም አልሸተተም። ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ሲያጋምሱ ግን ሽማግሌው ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር አይሸትህም?"

"አዲስ ስለሆነ ነው አባባ። ቅባቱ ነው፤ ይተዋል።"

"የትናንቱ አዎ፣ የቅባት ሽታ ነበር። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ስኳር ያረረ ይመስላል።"

"መለኪያው ደህና ነው፤ አያስቡ።"

"አዲስ የገዛነው በሬ ሲያስለው 'አዲስ ነው' ብለን እንጠምደዋለን እንዴ? ቁም እንጂ!"

ሾፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ጭስ አለመኖሩን አይቶ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ከፈተ። ከራዲያተሩ የሚወጣው የላስቲክ ቱቦ ጫፍ ረጥቧል። ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት፣ ፋሼታ የሚሉት፣ ላልቷል። ውኃው ጠብ ጠብ እያለ የጋለ ብረት ላይ ይወድቃል። ሽታው የመጣው ከዚያ ነው።

መለኪያው ታዲያ ለምን "ደህና ነው" አለ? መለኪያው የሚለካው በዙሪያው ያለውን ውኃ ነው። ውኃው በጣም ሲጎድል መለኪያው አየር ውስጥ ይቀራል። ያኔ ሞተሩ እየነደደ እሱ "ደህና ነው" ሊል ይችላል። መለኪያ ማየት ጥሩ ነው። በመለኪያ ብቻ መታመን ግን ጥሩ አይደለም።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ሾፌሩ ቸኩሎ የራዲያተሩን ክዳን አልከፈተም። ደግ አደረገ። ለምን? በባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው ለዚህ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ ግን በክዳን ታፍኗል። ስለታፈነ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል። በትኩሱ ከከፈቱት በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይወጣል፤ ፊትና እጅ ይልጣል።

ሲቀዘቅዝ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተ። ፋሼታውን አጠበቀ። ከጄሪካን ውኃ ሞላ። ጎሐ ጽዮን ደርሶ ደግሞ አየው።

ኪሳራቸው አንድ ሰዓትና አንድ ጄሪካን ውኃ ነው። ባይቆሙ ኖሮስ? ውኃው ያልቅ ነበር። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታ የሚሉት፣ በሙቀት ይጣመም ነበር። ብድሩ ሳይከፈል መኪናው ጋራዥ ውስጥ ይቆም ነበር። ጤፉም ዳገት ላይ ይቀር ነበር።

ሽታ ሲመጣ በቅደም ተከተል

1. ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ሞተሩን አጥፉ። ደረቅ ሣር ላይ ግን አትቁሙ። የጋለ ቱቦ ሣሩን ሊያቀጣጥል ይችላል።

2. የእጅ ፍሬን ያዙ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ሰው ሁሉ ይውረድ፤ ከመንገዱም ይራቅ።

3. ከኮፈኑ ጭስ በብዛት ከወጣ ኮፈኑን አትክፈቱ። አየር ሲገባ እሳቱ ቦግ ይላል። የእሳት ማጥፊያ ካለ በእሱ፣ ከሌለ በአፈር ወይም በአሸዋ አጥፉ። የዘይትና የነዳጅ እሳት ላይ ውኃ አትድፉ። እሳቱ ከበረታ ትታችሁ ሽሹ። መኪና ይተካል፤ ሰው አይተካም።

4. የሽቦ ሽታ ከሆነና እሳት ከሌለ፣ የባትሪውን የመቀነስ ምልክት (−) ያለበትን ራስ ፍቱ።

5. ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። መቼ ሸተተ? ዳገት፣ ቁልቁለት ወይስ ሜዳ ላይ? ከየት ይመጣል? ከፊት፣ ከሥር ወይስ ከጎማ? ምን ይመስላል?

6. ማታ መኪናው በሚያድርበት ቦታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት እዩት። ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። ቀለም ያለው ውኃ የራዲያተር ነው። ገለባና የአይጥ ጎጆም ኮፈኑ ውስጥ ፈልጉ። አይጥ ሽቦ ትበላለች፤ ገለባም ይቃጠላል።

7. ምክንያቱን ካላገኛችሁ አትንዱት። መካኒክ ጥሩ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥቂት

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህ መኪኖች የሞተር ዘይት አይቀየርላቸውም፤ የጭስ ማውጫም የላቸውም። ስለዚህ "ዘይት ነው፣ ይተዋል" አይባልም። ከወለሉ ሥር እንግዳ ሽታ፣ ጭስ ወይም የፉጨት ድምፅ ከመጣ የታመመው ትልቁ ባትሪ ሊሆን ይችላል። በቶሎ ወርዳችሁ ራቁ። ራሳችሁ አትነካኩት።

ጻፉት!

አባቶች "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። አዲስ መኪና የዋስትና ወረቀት አለው። ወረቀቱ ላይ ሻጩ ምን ያህል ጊዜ ወይም ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ ኃላፊ እንደሆነ ተጽፏል። አንብቡት። "እሱን ተዉት፣ እኔ እነግራችኋለሁ" የሚል ቢመጣ አመስግናችሁ ራሳችሁ አንብቡ። ሌላ ሰው ሞተሩን ከፈታታው ዋስትናው ሊቀር ይችላል።

ማኅበሩ አንድ ደብተር ይግዛ። ደብተሩ ከመኪናው አይለይ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

"ግንቦት 12 ቀን። 640 ኪሎ ሜትር። ዳገት ላይ። የስኳር ሽታ። ጭስ የለም። የውኃ ቱቦ ላልቶ ነበር። አጠበቅነው።"

ሰባት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሻጩ "እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት" ቢል ይህች ገጽ ትመሰክርላችኋለች። ሾፌሩ ቢቀየር አዲሱ አንብቦ ይረዳል።

በጋራ ተወያዩ

1. የማሟሸት ሽታ ሦስቱ ምልክቶች ምንድን ናቸው?
2. ሽማግሌው የትናንቱን ሽታ ከዛሬው እንዴት ለዩት?
3. ትኩስ ራዲያተር ለምን አይከፈትም?
4. በቀበሌያችሁ ያለ አንድ መኪና ሸተተ እንበል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈውን ጻፉ።

ቃላት

ኮፈን — የሞተሩ መክደኛ።
ቺንጋ — ሞተሩ ላይ የሚዞር የላስቲክ ቀበቶ።
ፋሼታ — ቱቦን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ቀለበት።
ፊውዝ — ኤሌክትሪክ ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ ሽቦን የሚያድን።
ዋስትና — ዕቃው ቢበላሽ ሻጩ ኃላፊ መሆኑን የሚያሳይ ውል።