ድካም ነው ወይስ ድብርት?

ከጂንካ ወጣ ብለው አልዱባ ገበያ ቢገኙ አሪው፣ በናው፣ ፀማዩ በየቋንቋው ሲገበያይ ይሰማሉ። ከሻጮቹ አንዷ «ሰውነቴ ዝሏል» ብትልዎት ምን ይረዳሉ? የመንገድ ድካም ነው ወይስ የድብርት ሕመም?

ፕላቶ ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት ትክክለኛ ግምትና ዕውቀት አንድ እንዳልሆኑ ጽፏል፤ ዕውቀት ምክንያት ይፈልጋል። የጤና ባለሙያዎችም ከግምት ለመውጣት ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች ይጠይቃሉ። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው። በብዙ አገር ለድብርት ምርመራ መነሻ የሚሆነው 10 ነጥብ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ግን ለእኛ ጤና ጣቢያዎች 5 ነጥብ የተሻለ መለያ መሆኑን አሳይቷል። የውጭውን ቁጥር እንዳለ ብንወስደው ብዙ ታማሚ «ደህና ነህ» ተብሎ ይመለስ ነበር። በአማርኛ የተፈተነውም መጠይቅ አልዱባ ሲደርስ በአካባቢው ቋንቋ ዳግም መፈተን ይኖርበታል።

ቤትዎም ቢሆን ከዚህ አይለይም። የቤተሰብዎ አባል እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ከሰለቸውና 2 ሳምንት ካለፈው «ስንፍና ነው» ብለው አይፍረዱ። ቀርበው ይጠይቁት፣ በራሱ ቃል ያስረዳዎ፣ ከዚያም ጤና ጣቢያ አብረውት ይሂዱ። «መሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ለነገ አያሳድሩት።