ማስታወቂያው ከጽሑፉ ጋር እንዲስማማ

በዐቢይ ጾም መካከል ስለ ጾም የተጻፈ ትምህርት ለማንበብ ስልካቸውን የከፈቱ ምእመናን፣ ከጽሑፉ ግርጌ የሥጋ ቤት ወይም የመጠጥ ማስታወቂያ ቢያገኙ ምን ይሰማቸዋል? ብዙዎች ትምህርቱን ያወጣው ክፍል ማስታወቂያውንም መርጦ ያስቀመጠው ይመስላቸዋል፤ አዝነውም ገጹን ይዘጋሉ። ነገር ግን በአብዛኞቹ መካነ ድሮች ላይ የሚታየውን ማስታወቂያ የሚመርጠው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ማሽኑ የሚመርጥበትን መንገድ ማወቅ ለአዘጋጆችም ለአንባብያንም ይጠቅማልና በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ለማሳየት እንሞክራለን።

ማስታወቂያን ከገጽ ይዘት ጋር የማዛመድ ሥራ በስፋት የታወቀው፣ ጉግል አድሴንስ የተባለውን አገልግሎት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ለመካነ ድር ባለቤቶች ከከፈተ በኋላ ነው። ባለቤቱ አንድ አጭር ኮድ በገጹ ላይ ያስገባል። ከዚያም የድርጅቱ ጎብኚ ፕሮግራም መጥቶ ጽሑፉን ያነባል፤ በርእሱ ላይ ምን እንዳለ፣ የትኞቹ ቃላት እንደሚደጋገሙ፣ ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ይመዝናል። አንባቢው ገጹን ሲከፍት ደግሞ ለቦታው በሚፎካከሩ አስተዋዋቂዎች መካከል ጨረታ ይካሄዳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በዐይን ቅጽበት ነው።

ይሁን እንጂ ቃልን ማወቅና ነገርን ማወቅ አንድ አይደሉም። በዚያው አገልግሎቱ በተጀመረበት ዓመት፣ የሟች አካል በሻንጣ ተከትቶ ስለተገኘበት የግድያ ወንጀል በሚዘግብ የኒውዮርክ ጋዜጣ ገጽ ላይ የሻንጣ ሽያጭ ማስታወቂያ ወጥቶ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር። ማሽኑ «ሻንጣ» የሚለውን ቃል በትክክል አግኝቷል፤ ያላገኘው ኀዘኑን ነው። ዛሬ አሠራሩ ብዙ ተሻሽሏል፤ ስሕተቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በእኛም ዘንድ ስለ ቃና ዘገሊላ ሰርግ የሚያስተምር ጽሑፍ «ወይን» የሚለውን ቃል ደጋግሞ መጥራቱ፣ ስለ ፈቃደ ሥጋ የሚናገረውም «ሥጋ» ማለቱ የማይቀር ነው።

አማርኛ ለማሽኑ የሚያስቸግርበት የራሱ ጠባይም አለው። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ የጌታችን የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ደግሞ «እስካሁን» ማለት ነው፤ በጽሑፍ ግን ሁለቱ አይለዩም። አንዱ «ጸሎት» ሲል ሌላው «ፀሎት» ብሎ ይጽፋል። «ጾም» የሚለው ቃል ብቻውን «በጾም»፣ «የጾሙ»፣ «ለጿሚዎች» እየሆነ መልኩን ይለዋውጣል። ስለዚህ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ዐይነት አጻጻፍ መጠበቅ ለአንባቢ ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ ለዚህም ይረዳል። (የሊቃውንቱ የፊደል ጥንቃቄ በማይጠበቅ ቦታ ሲጠቅም ማየት ደስ ያሰኛል።)

ከዚህ የሚብሰው ግን ጽሑፉ ጭራሽ የማይነበብ ሲሆን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ቀደም ብለው የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እያሳረፉ ይሠሩ ነበር። በእነርሱ የተጻፈ ትምህርት ለሰው ዐይን ጥርት ያለ አማርኛ ይምሰል እንጂ ለማሽኑ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው። ከመጽሐፍ ላይ በፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚለጠፍ ትምህርትም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ማሽኑ ገጹን ማንበብ ሲያቅተው በሌላ ነገር ይመርጣል፤ ለምሳሌ አንባቢው ባለበት አገር ወይም ከዚህ በፊት በጎበኛቸው ገጾች። እንግዲህ የቆዩ ስብከቶችን ወደ ዩኒኮድ መልሶ መጻፍ፣ ጉዳዩን በግልጽ የሚናገር ርእስ መስጠትና ሥዕሎችን በቃላት መግለጽ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መከልከል ነው። ባለቤቱ በአገልግሎቱ መቈጣጠሪያ ገብቶ የማይፈልጋቸውን የማስታወቂያ ዘርፎች መዝጋት ይችላል፤ የኮከብ ቆጠራና የመሳሰሉት፣ የፍቅር ጓደኛ ማፈላለጊያ፣ ሰውነትን የሚያራቁቱ ምስሎች፣ በአቋራጭ መበልጸጊያ የሚባሉት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የአንድን አስተዋዋቂ አድራሻ ለይቶ ማገድም ይቻላል። «ሃይማኖት» የሚለው ዘርፍ ግን ያስቸግራል፤ ቢከፈት የሌሎች እምነት ስብከት ይገባል፤ ቢዘጋ የራሳችን መጻሕፍት ማስታወቂያም አብሮ ይቀራል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ተዛማጅ የሆነ ሁሉ ተገቢ አይደለም። ስለ ጠበልና ስለ ፈውስ በተጻፈ ገጽ ላይ «ማንኛውንም በሽታ የሚያድን መድኃኒት» የሚል ማስታወቂያ ቢመጣ በማሽኑ ሚዛን እጅግ የሚስማማ ነው። ያንን ገጽ የሚከፍተው ግን ብዙ ጊዜ ሕመምተኛ ወይም የሕመምተኛ ቤተሰብ ነው። ከቢራው ማስታወቂያ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ይኼኛው ነው፤ ቢራውን አንባቢው አይቶት ያልፋል፤ ይህን ግን ከትምህርቱ ጋር አንድ አድርጎ ሊያምነው ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ ማስታወቂያውን ፈጽሞ ማንሣት ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ገቢው ቢቀንስም።

ገቢውን ለመተካት ቦታውን በቀጥታ መስጠት ይቻላል። መንፈሳዊ መጻሕፍትንና ነዋያተ ቅድሳትን የሚሸጡ፣ መንፈሳዊ ጉዞ የሚያዘጋጁ፣ የጾም ምግብ የሚያቀርቡ ሱቆች ማስታወቂያቸውን ለአዘጋጁ ያመጣሉ፤ አዘጋጁም አይቶ፣ መርምሮ፣ ከሚስማማው ጽሑፍ አጠገብ ያኖራል። ድካሙ ብዙ ነው፤ ግን ኀላፊነቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

አንባብያንም የምታዩት ሁሉ ከገጹ የመነጨ እንዳልሆነ ዕወቁ። አንድ ስልክ ለቤተሰብ ሁሉ በሚያገለግልበት ቤት፣ ልጅ ትናንት የፈለገው ነገር ዛሬ እናቱ በምታነበው ስንክሳር አጠገብ ሊወጣ ይችላል። ለግል የሚመረጡ ማስታወቂያዎችን ከስልኩ መቼት ማጥፋት ይቻላል። የማይገባ ማስታወቂያ ስታዩ ምስሉን አንሥታችሁ ከቀኑ ጋር ለአዘጋጆች ላኩ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያየው የተለያየ ስለሆነ አዘጋጆቹ ራሳቸው ላያዩት ይችላሉ። «አገልግሎቱን ልርዳ» በማለት ማስታወቂያን ያለ ፍላጎት ደጋግሞ መጫን ግን ክልክል ነው፤ እንዲህ የተደረገበት መካነ ድር ሊታገድ፣ ያጠራቀመው ገቢም ሊሰረዝበት ይችላል።