ከሁለቱ ሐኪሞች የትኛው?



በመድረሳ በምንማርበት ዘመን ኡስታዛችን ስለ ሕክምና ሲያስተምሩን በኢማም ማሊክ ሙወጦእ ውስጥ የተዘገበ አንድ ታሪክ ነግረውን ነበር። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው ቆስሎ ደም ቋጠረበት። ከበኒ አንማር ጎሣ የሆኑ ሁለት ሐኪሞች ተጠርተው መጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የጠየቁት ከሁለቱ ሕክምናን አብልጦ የሚያውቀው የትኛው እንደሆነ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ታሪኩን ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩት። ትርጉሙ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የታላቅ እህቴን የምርመራ ወረቀት ይዤ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ በቆምኩ ዕለት ነው።

እህቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የአምስት ልጆች እናት ናት። በግራ ጡቷ ውስጥ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር ስታገኝ ለማንም አልተናገረችም። ሕመም አልነበረውም። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋቸውም ይኸው ነው። ከአራት ወር በኋላ ለእናታችን ነገረቻት፤ እናታችን ለእኔ። "ወንድ ሐኪም ገላዬን አያይም" በማለቷ ሴት ሐኪም ስናፈላልግ ሌላ ወር ተጨመረ። ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የፊቅህ ሊቃውንት ብቁ ሴት ሐኪም ባልተገኘች ጊዜ ወንድ ሐኪም፣ ባሏ ወይም መሕረሟ ባለበት፣ ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ አይቶ እንዲያክም መፍቀዳቸውን እኔ ራሴ ተምሬዋለሁ። ያን ጊዜ ለእህቴ አስረግጬ አለመናገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በመጨረሻ በሰው ጥቆማ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። "እጁ ቀላል ነው" ተብሎ የተመሰገነ ሐኪም ነበር። ዳሰስ አደረገና "የስብ እብጠት ነው፤ ዛሬውኑ ይወጣል" አለን። ማደንዘዣ ወጋት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አውጥቶ፣ ሰፍቶ ሸኘን። እኛም ሰርግ እንደዋለ ሰው ደስ ብሎን ተመለስን። የወጣው ሥጋ የት እንደተጣለ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። "ያልገባችሁን ጠይቁ" እያልኩ ቀኑን ሙሉ በክፍል ውስጥ የምጮኸው እኔም ዝም አልኩ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ በጠባሳው ሥር እብጠቱ ተመልሶ መጣ። በብብቷም ሌላ ተጨመረ።

ውድ አንባብያን፤ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የበዛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርጉት ጠቅላላ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ስመ ጥር ሰው የመፈለግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ተመሳሳይ የምስክር ወረቀት በግድግዳቸው ላይ ከሰቀሉት መካከል ለዚህ በሽታ የሚሆነውን የመለየት ጉዳይ ነው። ታዲያ እንዴት ይለያል?

አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ ሁለት ሐኪሞች ዘንድ ቀረብን። የመጀመሪያው ጅዳ የሚኖረው ያጎቴ ልጅ በስልክ ያገኘልን ነው፤ ወጪውን እችላለሁ ብሎም ነበር። ሐኪሙ እህቴን አይቶ "ሐሙስ ኑ፤ ጡቱን አነሳዋለሁ" አለ። ቀልጣፋ፣ አነጋገሩም የሚያጽናና ሰው ነበር። ሁለተኛው ግን ገና ከመቀመጣችን "የመጀመሪያው ሥጋ የምርመራ ውጤት የት አለ?" ሲል ጠየቀ። እንደሌለ ስንነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ቀዶ ጥገና እንደማያደርግ፣ መጀመሪያ በወፍራም መርፌ ከእብጠቱ ናሙና መወሰድ እንዳለበት፣ ናሙናውም ለሆርሞንና ሄር ቱ ለሚባለው ፕሮቲን መመርመር እንዳለበት፣ ከዚያ በኋላ ከካንሰር መድኃኒት ሐኪሙና ከጨረር ሐኪሙ ጋር እንደሚመክርበት ነገረን።

የዚያን ዕለት ማታ ባረፍንበት ዘመድ ቤት የተነሳውን ጭቅጭቅ አልረሳውም። "ሰውየው ፈርቷል" አለ አንዱ። "በሽታው እየሮጠ እሱ ወረቀት ይፈልጋል" አለ ሌላው። ያጎቴ ልጅ በየሰዓቱ ይደውላል። እናታችን ተስቢሕ ይዛ በጥግ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እህቴ ነች በመጨረሻ የተናገረችው፦ "ያ የፊተኛውም ቸኩሎ ነበር።"

የሁለተኛው ሐኪም አካሄድ ትክክል ስለመሆኑ በኋላ ከጠየቅኋቸውና ካነበብኩት ተረድቻለሁ። በሽታው ወደ ብብት ዕጢዎች በተዛመተ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የካንሰር መድኃኒቱ (ኬሞቴራፒ) ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሰጣል። እብጠቱ ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱም በዓይን ይታያል። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ምርመራ መጠበቅ ጊዜ ማባከን አይደለም። የሚጎዳው ተስፋ ቆርጦ ወይም በጸበልና በቅጠል ስም ወራት ማሳለፍ ነው። ሌላም ነገር አለ። ካንሰር መሆኑ ሳይታወቅ እንደ ተራ እብጠት የወጣ ሥጋ ጠርዙ ላይ የካንሰር ሕዋስ ሊቀር ይችላል፤ ሥጋው ከተጣለ ደግሞ ያንን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለም።

አንዳንድ ወጣቶች ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሕክምና ወግ እንደሆነ ያስባሉ። በአንዳሉስ፣ በቁርጡባ አቅራቢያ በዘህራ ከተማ የተወለደውና እ.ኤ.አ. በ1013 ገደማ ያረፈው አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ ግን ሠላሳ ክፍል ባለው አል-ተስሪፍ በተባለ መጽሐፉ የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥቶታል። በዚያም አንድ መሃይም ሐኪም በአንዲት ሴት አንገት ላይ የነበረ ዕጢ ሲቀድ የደም ሥሮቿን ቆርጦ በፊቱ ደሟ ፈስሶ እንደሞተች ጽፏል። ስለ ካንሰርም ሲናገር ገና ትንሽ ሳለና እንደ ጡት ባለ ሙሉ በሙሉ ሊነሳ በሚችል ቦታ ላይ ሲሆን ይውጣ ይላል፤ ለቆየውና ለተስፋፋው ግን እንዳይቀርቡት ይመክራል። ራሱም እንዲህ ያለውን አድኖ እንደማያውቅ፣ ሌላ ሲያድን እንዳላየም በግልጽ አስፍሯል። የማይችለውን "አልችልም" የሚል ሐኪም ከሺህ ዓመት በፊትም ነበር።

ትልቅ ቀዶ ጥገና ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው አስተሳሰብም ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ዊሊያም ሃልስተድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጡቱን ከደረት ጡንቻዎችና ከብብት ዕጢዎች ጋር ማንሳትን አስፋፋ፤ ይህም ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ ሕግ ተያዘ። በርናርድ ፊሸር የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሴቶችን ከፋፍለው አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የ20 ዓመት ውጤት መሠረት እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር የተሰጣቸውና ሙሉ ጡታቸው የተነሳው ሴቶች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ጨረር ተጨምሮ ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በጅማና በሐረርም ተጀምሯል። እናም "ጡትሽን አተርፍልሻለሁ" የሚል ሐኪም ቢገኝ ጨረሩ የትና መቼ እንደሚገኝ አብሮ መናገር አለበት፤ ካልሆነ ሙሉ በሙሉ ማንሳቱ ይሻላል።

ሐኪሙን "ይህን ቀዶ ጥገና በዓመት ስንት ጊዜ ያደርጋሉ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለን ነበር። ነውር አይደለም። በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት እንደሚታየው የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ባሉ ከባድ ቀዶ ጥገናዎች ላይ ልምዱ ሞትና ሕይወት ይለያል፤ ዘወትር በሚሠሩት እጅ የሚሞተው ሰው ቁጥር እንደሚያንስ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2003 የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል። ጥያቄውን በአክብሮት ሲያቀርቡለት የሚቆጣ ሐኪም፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው። ሌላ ሐኪም ጋ ሄደን እንጠይቅ ስንለው የእኛው ሐኪም ወረቀቶቹን ሁሉ ገልብጦ ሰጠን።

አንድ ነገር በተለይ ለአስታማሚ ወንድሞች ላስታውስ። በብዙ ቦታ የወጣውን ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ተሸክሞ የሚሄደው ቤተሰብ ነው። ሥጋው ፎርማሊን በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ፣ ፈሳሹም ከሥጋው መጠን ዐሥር እጥፍ ያህል ሆኖ መቀመጥ አለበት። በውሃ ወይም በደረቅ ዕቃ ከዋለ ይበላሻል፤ የሆርሞን ምርመራውም ዋጋ ያጣል። ውጭ አገር ለመታከም ቤት የሚሸጡ ወገኖችም ከገንዘቡ በፊት በላቦራቶሪው የተቀመጠውን ሰም የተነከረ ናሙና መጠየቅ ይገባቸዋል፤ አለበለዚያ እዚያም ከሀ ይጀመራል።

እህቴ መድኃኒቱን ከቀዶ ጥገናው በፊት ለወራት ወሰደች። ጸጉሯ ረገፈ፤ ረመዷንን ማፍጠር ግድ ሆኖባት አለቀሰች። ከዚያ ጡቷና የብብት ዕጢዎቿ ተነሡ። ዕቃውን ይዤ ላቦራቶሪ የሄድኩት እኔ ነኝ። ውጤቱ ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን ገለጸ። ጨረሩንም ጨረሰች። ዕጢዋ ለሆርሞን ምላሽ የሚሰጥ ሆኖ በመገኘቱ ታሞክሲፈን የተባለውን ኪኒን በየቀኑ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ትወስዳለች፤ አምስት ዓመት ትቀጥላለች፤ አሁን ሦስተኛው ላይ ናት፤ አልሐምዱሊላህ። የግራ ክንዷ ሲመሽ ያብጣል። በዚያ ክንድ መርፌ አትወጋም፤ የደም ግፊትም አትለካም፤ የውሃ ጀሪካኑን የሚያነሱላት ልጆቿ ናቸው። ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ተመልሰን ስለዚያች የሽንብራ ፍሬ ብንጠይቅ በመዝገብ ላይ ስሟ እንጂ ሌላ ምንም አልተጻፈም ነበር።